አራተኛዋ

አራት ነበሩ። አንዲቷ
ብር ብላ ከእጁ ሾልካ
በባርተን ጎዳና ቱቦ
ገባች በረዶውን ታክካ።
ብር መሆኗ ሳያንሳት
ብር ማለቷ! ሊዮናርድ
በሽቦ ሲቆፍር አመሸ፤
ጉልበቱ በጨው ውኃ ራሰ፣
ጓንቱ በጭቃ ቆሸሸ።

«ሌላ ይገዛል» አልኩት።
ዞሮም አላየኝ። «ይገዛል፤
ግን ሠላሳ ዓመት ኪስ ውስጥ
የከረመ የት ይሸጣል?»

ጄምስ መንገድ ላይ ፌሬይራ
ከመሳቢያው ጥግ ፈልጎ
አወጣልን አንዷን ዶላር
የሽፋኗን አቧራ ጠርጎ።
ያው ታንኳ፣ ያው ሁለት ቀዛፊ፣
ያው ንጉሥ፣ ያው የልደት ዓመት፤
ግን ዳቦ ገዝታ አታውቅም፣
የሰው ላብ አላረፈባት።
ከሦስቱ እኩዮቿ መሃል
ስትቀመጥ በጥቁር ጨርቅ
ከለቀስተኞች መካከል
እንደ ሙሽራ ስታሸበርቅ!

ምትሃቱ እንዲህ ነው፦ ሕዝቡ
የሚያውቀው ሦስቱን ብቻ ነው፤
አራተኛዋ መዳፍ ውስጥ
ተደብቃ ነው የምትኖረው።
ብቅ ስትል ግን ከሦስቱ
አንዷን መምሰል አለባት፤
ካበራች አለቀ ጨዋታው፣
ሕፃን እንኳን አይስታት።

ሐሙስ ሌሊት፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣
ሁለት እንቁላል ቀቀልኩ፤
አንዱን ለምሳው አስቀርቼ
ያንዱን አስኳል በሹካ ፈጨሁ፣
ከጃም ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ።
ብሯን በክር አንጠልጥዬ
አስኳሉን እንዳትነካ፣
ክዳኑን ጥርቅም አደረግሁት።
እርጅና ይህን ያህል ቀላል ነው ለካ!
«ድኝ ነው የሚሠራው» አለኝ፤
«ይገማል። ግን ዋጋው ርካሽ ነው።»

በአንድ ሰዓት የስንዴ ቀለም፣
በሦስት ሰዓት የሻይ፣
እኩለ ሌሊት ሐምራዊ፣
እንደ ብረት ፋብሪካው ሰማይ።
ሲነጋ ጠቁራ ጠበቀችን፤
ታንኳው ውኃውን ስቶ፣
ንጉሡ ፊት የሚባል የለው፣
ቀዛፊው ጥላሸት ተቀብቶ።

«ገደልናት» አልኩ ደንግጬ።
እሱ ግን ሶዳና ጥጥ ይዞ
በአውራ ጣቱ እያሸ፣
ጉብታውን ብቻ አበራ፣
ጎድጓዳው በዚያው እንደ መሸ።
የንጉሡ ጉንጭ ወጣ፤ ከጆሮው ኋላ ግን
እድፉ ቀረ፣
እናቱን ፈርቶ ፊቱን ብቻ እንደታጠበ ልጅ።

ዓይን አመነ። ጆሮስ?
አራቱን መዳፉ ላይ ደርቦ
አንሸራተታቸው። ሦስቱ
ሹክ አሉ፤ ጠርዛቸው ተበልቷል፣
እንደ ከረሙ ባልና ሚስት
ድምፅ ሳያወጡ ይግባባሉ።
እሷ ግን ቅጭል! አጋለጠችው።
«ሽበቱን ቀባናት እንጂ
ጉሮሮዋን ማን ያስረጀው?»

ቅዳሜ። የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣
ሕፃናት ምንጣፍ ላይ፣ ካፖርት በየወንበሩ።
ሦስቱ ዶላር ከመሐረብ ሥር
አንድ በአንድ ጠፉ፤ ተመለሱ፤
ጫጫታው ቅጭሏን ዋጠላት፣
ንጉሥን ማን ይለየው ከንጉሡ?
ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣
ቀይ ቦት ጫማ፣ ሁለት ጥርሷ የወለቀ፣
አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ
«እጁ እንቁላል ይሸታል!» ስትል
ቤቱ በአንዴ በሳቅ ደመቀ።

እኔ ካፖርቴ ውስጥ ገባሁ።
ሊዮናርድ ግን ቅንጣት አልደነገጠ፤
ጎንበስ አለ፣ ከጆሮዋ ኋላ
እጁን ሰደደና
የምሳውን እንቁላል፣ ሙሉውን፣ ከነቅርፊቱ
መዝዞ አወጣ።
«ጨው ይዘሻል?» አላት።

ከዚያ ወዲህ ብሯ እኔ ጋ ናት፤
ከጋራዡ ቁልፍ ጋር፣ በቀኝ ኪሴ፣
አውቶቡስ ሳጥብ፣ ጎማ ስፈትሽ
ስትፋጭ ታድራለች።
ዓርብ ዓርብ ይቀበለኛል፤
ከሦስቱ ጋር መዳፉ ላይ አስተኝቶ፣
ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ
ያንሸራትታቸዋል፤ ያዳምጣል።
«ገና ናት» ይላል፤
ሞቅ እንዳለች ይመልስልኛል።